ካርድ ክፍሉን የሚያስቆሙ ስድስት ምክሮች

ጤና ሚኒስቴር ከየተቋሙ ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ ቱ በጃቫ የተጻፈ ነው፤ የሚሠራውም ቶምካት በተባለ የዌብ ሰርቨር ላይ ነው። የታካሚ መዝገብ የሚያዝበት ኦፕን ኤምአርኤስም እንዲሁ። እንበልና ልደታ ያለ አንድ ክሊኒክ እንዲህ ያለ ሥርዓት አስገብቷል፤ ሰርቨሩን ይጠብቁ የተባሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ካርድ ክፍሉ ፊት ሰልፍ አለ። ሰልፈኛውን ባዶ እጁን መመለስ ከፈለጉ የሚከተሉትን ይፈጽሙ።

1. ፕሮግራሙን ከላፕቶፕዎ በኤስኤስኤች ገብተው ያስነሡትና ላፕቶፑን ዘግተው ወደ ቤት ይሂዱ። ግንኙነቱ ሲቋረጥ በዚያ መስኮት የተነሣው ሁሉ ሲግሃፕ የሚባል ምልክት ይደርሰዋል፤ ጃቫውም አብሮ ይዘጋል። ኖሃፕ ብለው ቢያስነሡት ከዚህ ይተርፋል፤ በሌላ ምክንያት ሲወድቅ ግን የሚያነሣው የለም።

2. መብራት አይጠፋም ብለው ይመኑ። እሑድ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ይነሣል፣ ቶምካት ግን አይነሣም፤ ሰኞ ጠዋት ሁሉም እርስዎን ፍለጋ ስልክ ይደውላል። ሊኑክስ ለዚህ ሲስተምዲ አለው። በአንድ አጭር ፋይል ፕሮግራሙ በማን ስም እንደሚሠራ፣ ከዳታቤዙ በኋላ እንደሚነሣ፣ ሲወድቅም ተመልሶ እንደሚነሣ ይጻፍበታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ስታርት ይልና ኢኔብል ማለትን ይረሳል። ስታርት ለአሁን ያስነሣል፤ ኢኔብል ደግሞ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር እንዲነሣ ያስመዘግባል። መብራት እስኪጠፋ ድረስ ልዩነታቸው አይታይም።

3. ሩት በተባለው፣ በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ስም ያስኪዱት። ከ1024 በታች ያሉ ፖርቶች በተለምዶ ለሩት ብቻ ስለሚፈቀዱ፣ ፖርት 80ን ለማግኘት አቋራጩ ይህ ነው። ይሁንና በ2014 ዓ.ም. ሎግፎርጄ በተባለው የጃቫ መሣሪያ ላይ የተገኘው ቀዳዳ በዓለም ዙሪያ ስንቱን እንዳስደነገጠ ያስታውሱ። በቀዳዳው የሚገባ ሰው የፕሮግራሙን ሥልጣን ያገኛል፤ ፕሮግራሙ ሩት ከሆነ ማሽኑ በሙሉ የእሱ ነው። ለቶምካት የራሱን ተጠቃሚ ከፍተው ፖርት 8080 ላይ ያስቀምጡት፤ ከፊቱ በፖርት 80 የመጣውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍለት ኤንጂንኤክስ ይቁም።

4. ማቆም ሲፈልጉ በቀጥታ ኪል 9 ይበሉ። 9 ቁጥር ምልክት ፕሮግራሙን የጀመረውን እንዲጨርስ ዕድል አይሰጠውም፤ ነርሷ በዚያች ቅጽበት የላከችው ውጤት ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። 15 ቁጥር ግን ሥራህን ጨርሰህ ውጣ የሚል ነው። መጀመሪያ እሱን ልከው ይታገሡ።

5. ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ይጻፉ። ሰርቨሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲታደስ ፈልገው ሥራን በቀጠሮ በሚያስጀምረው ክሮን ላይ 8 ብለው ይሙሉ። ማሽኑ 8 የሚለው ጠዋት 2 ሰዓትን ነው፤ ልክ ሰልፉ ሲጀምር ሥርዓቱ ይቋረጣል። መጻፍ ያለበት 2 ነው፤ ያውም ማሽኑ በአዲስ አበባ ሰዓት ከተስተካከለ። እንደመጣ በዩቲሲ ከተተወ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር 23 መባል አለበት።

6. የቶምካትን የሎግ ፋይል አይንኩት። ካታሊና አውት የተባለው ፋይል ካልተገደበ ዲስኩን እስኪሞላ ያድጋል። ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዙ ራሱ መጻፍ ያቅተዋል፤ መዝገብ ሠራተኛዋም ምክንያቱን የማታውቀው ስሕተት ስክሪኗ ላይ ይመጣባታል። ሎግሮቴት ፋይሉን በየጊዜው እንዲቆርጥና የቆየውን እንዲያጠፋ ማዘዝ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የስድስቱንም ተቃራኒ መፈጸም አንድ ከሰዓት አይፈጅም፤ የሚጠይቀውም ገንዘብ የለም። መሣሪያዎቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው። የሚያስፈልገው፣ የሌላ ሰው ሕክምና በዚህች ማሽን ላይ እንደተንጠለጠለ ማሰብ ነው። ስለዚህ ጨረስኩ ከማለትዎ በፊት ሥራ በሌለበት ሰዓት ቶምካቱንና ዳታቤዙን በወጉ አቁመው ማሽኑን አጥፍተው ያብሩት፤ ከዚያ ምንም አይንኩ። ካርድ ክፍሉ ያለው ስክሪን ላይ መግቢያው ገጽ በራሱ ከመጣ ሥራው ተሠርቷል። ካልመጣ ግን ችግሩን ዛሬ እርስዎ ያግኙት፤ ሰኞ ጠዋት በሽተኛ ከሚያገኘው ይሻላል።