ሽታው ወዴት ይሄዳል?

«አይዞህ፣ የኮላው ሽታ በሁለት ሳምንት ይጠፋል» አለኝ የግንባታ ዕቃ ሻጩ። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ነገሩ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ይጥፋ እሺ፤ ወዴት ነው የሚጠፋው? እኛ እዚህ ኮሎራዶ አንዲት አሮጌ የጭነት ተሳቢ ገዝተን ተራራ ስንወጣ የምናድርባት ልናደርጋት ደፋ ቀና እያልን ነው። መስኮቷ የመጽሐፍ ያህል ናት። በሩ ተዘግቶ ሁለት ሰው ሲያድርባት፣ ሽታው እኛ ሳንባ ካልገባ ማን ቤት ሊገባ ነው?

ግድግዳውና ጣሪያው አልቋል፤ ስለነሱ አላወራም። ጉዱ ያለው ወለሉ ላይ ነው። ከኮምፔንሳቶው ሥር ብረት፣ ከብረቱ ሥር ነፋስ እንጂ መሬት የለም። ሌሊት ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሻችን እላዩ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ሲውል ሲያድር እንጨቱ ይበሰብሳል። ስለዚህ መሐሉ ላይ ብርድ የሚከላከል ነገር መግባት አለበት። አምስት ሳንቲሜትር ፎም ይበቃል ይላሉ። አምስቱ ሳንቲሜትር የሚቀነሰው ከኔ ቁመት ነው፤ እሱንስ ጎንበስ ብዬ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ፎሙ የሚጣበቅበትን ኮላ ነው።

ቅብጠት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ቤታቸውን ላፈረሰችባቸው ሰዎች የአሜሪካ መንግሥት ተሳቢ ቤት አደለ። ዓይናችን ተቃጠለ፣ መተንፈስ አቃተን አሉ። በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ 519ኙ ሲለኩ፣ በአማካይ ከቢሊዮን 77 እጅ ፎርማልዴሃይድ ተገኘባቸው። ኮምፔንሳቶና ቺፑድ ከሚጣበቁበት ኮላ የሚወጣ ነው። መጠኑን የሚገድበው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ2010 ነው። ቤቱን ጎርፍ የወሰደበት ሰው፣ እስኪ እዚህ ገብተህ ተንፍስ ተብሎ የተሰጠው ይህንን ነው! እኔም ዳቦ ስገዛ ጨዉ ሳይቀር ተጽፎልኛል፤ አፍንጫዬን ደፍቼ የምተኛበት ወለል ኮላ ቆርቆሮ ላይ ግን ቅጠል ሥለው «ተፈጥሯዊ» ብለው ያልፉኛል። ምኑ ነው ተፈጥሯዊው? አስተናግርም እኮ ቅጠል አለው!

ከፎሙ ሱፍ ይሻላል ተባልኩ። የበግ ሱፍ ርጥበት ጠጥቶ መልሶ ይሰጣል፤ ፎርማልዴሃይዱንም ከአየር ላይ ይመጥጣል። ዋጋውን ሳየው ግን መንዝ ትዝ አለኝ። ሴቱ ሱፉን ፈትሎ ወንዱ የሸመነውን ባና ለብሶ ያደረ ያውቀዋል፤ ይኮሰኩሳል፣ ትከሻ ያጎብጣል፣ ብርድ ግን አያስገባም። የተሳቢ ወለል ስንት ባና ይፈጃል? ማታ ማታ ይህን ሳሰላ ከረምኩ። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣው ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ባና ከገባ በርበሬ ይቀራል፤ በርበሬ ከቀረ ትዳር ይናጋል። ግማሹ ባና ግማሹ ሽሮ ቢሆንስ? ደግሞ ብል አለ። ብል እንዳይበላው ቦራክስ ይነሰነስበታል፤ ቦራክሱንስ ማን ይመስክርለት?

ደብረ ብርሃን ያሉት አማቴ ጋ ደወልኩ። «ባና ሊረገጥ?» ብለው ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣ «ልጄ፣ እበት አጥታችሁ ነው? ለቅልቁታ!» አሉኝ።

ባለቤቴ እዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ የለችበትም። የሷ ጥያቄ ረከቦቱ የት ይቀመጣል ነው። በተዘጋ ተሳቢ ውስጥ ከሰል ይገድላልና በኤሌክትሪክ ምድጃ ተስማምተናል፤ ዕጣኑ ላይ ገና ነን። ሰሞኑን ደግሞ ለቡናው ብላ የፕላስቲክ ቄጠማ ገዝታ መጣች። ተጠቅልሎ ጋራዡ ውስጥ ቆሟል። ከምን እንደተሠራ ለማየት ገልበጥ ሳደርገው፣ «አሁን እሱንም ልትመረምር ነው?» አለች። እንዳልመልሰው ደረሰኙን ጥላዋለች።