የስላይዱ ኮሚቴ

ስላይድ ካለበት ቤት ኮሚቴ አይጠፋም። ካርቶኑ ቁም ሣጥን አናት ላይ ዘመን ሲቆጥር ቀና ብሎ ያየው የለም፤ እንዲያውም "ይሄን ኮተት ለቆራሌው ስጡልኝ" ሲባልበት ኖሯል። አንድ ቀን ግን ውጭ አገር ያለ ልጅ "ይሄ እኮ ታሪክ ነው!" ይላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በካርቶኑ አጠገብ ያለፈቃድ የሚያልፍ የለም።

የማወራችሁ ጡረታ ስለወጡ አንድ የግብርና ባለሙያ ቤት ነው። ጋሼ ጉልምስናቸውን የጨረሱት በጅማ ገጠር፣ ቡና ተክል ሥር ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ ሲታወቅ፣ እርሳቸውም ካሜራቸውን አንግተው ከማሳ ማሳ የታመመ ፍሬ ሲያነሱ ከረሙ። ስላይድ የዘመኑ የማስተማሪያ መሣሪያ ነበር፤ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የምትሆን ባለቀለም ፊልም በትንሽ የካርቶን ክፈፍ ታስራ፣ 80ውን በክብ ማስቀመጫ ደርድሮ ግድግዳ ላይ ማብራት ነው። የጋሼ ፕሮጀክተር አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል። ኮዳክ ራሱ የስላይድ ፕሮጀክተር ማምረት ያቆመው እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ነው። እናም ልጆቹ ስካነር ገዙና በሕፃናት ልብስ ጠቅልለው በሰው ሻንጣ አስገቡት።

ኮሚቴው ቴሌግራም ላይ ተሰበሰበ። የመጀመሪያው አጀንዳ ጥራት ነበር። ቨርጂኒያ ያለው ልጅ "በኢንች 4000 ነጥብ ካልሆነ አልስማማም" አለ። ቶሮንቶ ያለችው ያንሳል አለች። አዲስ አበባ ያለው፣ ሥራው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ስለገባው፣ ዝም አለ። በ4000 ነጥብ አንዷ ስላይድ ከ20 ሚሊዮን ፒክስል በላይ ትወጣለች፤ ሳትጨመቅ፣ በሙሉ ቀለሟ ትቀመጥ ከተባለ ደግሞ ከ120 ሜጋባይት በላይ ትይዛለች። ይህ ሁሉ ተለፍቶ ፎቶው ለዘመድ የሚደርሰው በዚያው በቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ አክስት ደግሞ መስተዋቱ በተሰነጠቀ ስልክ፣ ያለ መነጽር፣ አጨንቁራ እያየች "ይሄ ማነው?" ትላለች።

ደህና ጥያቄ ነበር። መልሱን የሚያውቁት ሰውም ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ኮሚቴው ከእርሳቸው የሚፈልገው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳይነኩ። አንዷን ስላይድ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ሊያደርጉ ሲሉ፣ ነጭ የጥጥ ጓንት ያጠለቀው ልጃቸው "አባባ፣ ጣትዎን!" ይላል። ይመልሷታል።

ቀጥሎ የቀኑ ጉዳይ መጣ። ክፈፉ ላይ ወርና ዓመት ታትሟል፤ ልጆቹም ይህቺን እንደ ልደት ማስረጃ ያዟት። ችግሩ ቀኑ ፊልሙ የታጠበበት እንጂ ፎቶው የተነሳበት አይደለም። የጋሼ ፊልም ኮዳክሮም ነው፤ ኮዳክሮም ደግሞ በየሰፈሩ ፎቶ ቤት የሚታጠብ ፊልም አልነበረም፤ በፖስታ ወደ ውጭ ይላካል፣ ከዚያ መመለሱን በተስፋ መጠበቅ ነው። በዚህ ስሌት ትልቁ ልጅ፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና የተነሳው፣ በኮሚቴው መዝገብ ክርስትናው በስድስት ወሩ ሆነ። እናቱ ይህን ሲሰሙ ከጓዳ ወጥተው፣ "እስከ ስድስት ወር ልጄን ሳላስጠምቅ የኖርኩ ልታስመስሉኝ ነው?" ብለው ተቆጡ። ቀን አቆጣጠሩ ደግሞ የባሰውን አመጣ። ጋሼ "የ1965ቱ ለቀማ" የሚሉት አንድ የቡና ወቅት ነው፤ የጥቅምቱ ስላይድ ወደ ፈረንጅ 1972፣ የጥሩ ወደ 1973 ፎልደር ሄዶ ለቀማው መሐል ላይ ተቆረጠ።

የመኪናዋ ክርክር ግን ከሁሉም ይበልጣል። አንዲት ስላይድ ላይ አንዲት መኪና የመንገዱን ግራ ይዛ ትሄዳለች። ኮሚቴው "ስላይዱ በጀርባው ገብቷል" ብሎ በአንድ ድምፅ ወሰነና ገለበጠው። ስላይድ በስምንት ዓይነት መንገድ ሊገባ ይችላል፣ ትክክሉ አንዱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ራሱ አያስነቅፍም። ነገር ግን እስከ ሰኔ 1956 ዓ.ም. ድረስ በዚህ አገር የሚነዳው በግራ ነበር። ከተገለበጠ በኋላ ከመኪናዋ ጀርባ ያለው የሱቅ ታፔላ ፊደሉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ ሳለ ማንም ልብ አላለውም። መኪናዋ ሕግ አክባሪ ከሆነች ይበቃል።

ከዚያ መለየት ተጀመረ። ሁለት ፎልደር ተከፈተ፤ "ሰው ያለበት" እና "ሰው የሌለበት"። ሰው የሌለበት ማለት ቡና ማለት ነው፤ ይኸውም የጋሼ የዕድሜ ልክ ሥራ። እርሱ "ሌላ ጊዜ ይደርሳል" ተባለ። ቅርንጫፍ የያዘች እጅ ብቻ የምትታይባት ስላይድ ስትመጣ ግን ኮሚቴው ተከፈለ። እጅ ሰው ነው ወይስ አይደለም? ድምፅ ተሰጠ፤ እጅ ተሸነፈች። የማን እጅ እንደሆነች ጋሼን የጠየቀ የለም።

የመጨረሻው ምዕራፍ ጽዳት ነው። አቧራን በኢንፍራሬድ እየፈለገ የሚያጠፋው የስካነሩ ዘዴ ከኮዳክሮም ጋር አይስማማም፤ ጥቁር የሆነውን የምስሉን ክፍል ሳይቀር አቧራ ነው ብሎ ያበላሸዋል። ስለዚህ ማጽዳቱ በእጅ ሆነ። ጓንት ያጠለቀው ልጅ፣ እጅ ያለችበትን ያቺን ስላይድ ስላዘነላት ይሁን፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ አጉልቶ ተቀመጠ። አረንጓዴዎቹ ፍሬዎች ላይ ጠቋቁር ነጠብጣብ ፈስሶባቸዋል። እያንዳንዷን በማውስ እየነካ አጠፋ። እኩለ ሌሊት አልፎ ሲጨርስ ፍሬዎቹ ቅባት የተቀቡ ይመስል ያብረቀርቁ ነበር።

ጠዋት ጋሼን ጠርቶ አሳያቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

"በሽታውን የት ወሰድከው?"

"ምኑን አባባ?"

"የቡና ፍሬ በሽታውን ነዋ! እኛ ስንት ዓመት መድኃኒት ስንረጭ ያልለቀቀንን አንተ በአንድ ሌሊት ነቀልከው?"

ልጁ "ቆሻሻ መስሎኝ" አለ። የፀዳው ፎቶ ግን በሌሊቱ ለኮሚቴው ተልኮ ነበር፤ ልብ ዘነበለት። ቨርጂኒያ ውስጥ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ አንድ የዘመድ ልጅም "ይቺን ለከረጢቴ ስጡኝ" ብሎ ወሰዳት። አሁን ያቺ ድምፅ የተነፈጋት እጅና በማውስ የተፈወሰው ቅርንጫፍ ከረጢት ላይ ወጥተዋል፤ ከሥራቸውም "ንጹሕ የኢትዮጵያ ቡና" የሚል ተጽፏል።

ልጆቹ አባታቸው ይቆጣሉ ብለው ፈርተው ነበር። ጋሼ የከረጢቱን ፎቶ ስልክ ላይ አገላብጠው አዩና፣ "ለመሆኑ አንዱን ስንት ነው የሚሸጠው?" ብለው ጠየቁ።