ተከድኖ ይፍላ?

«ደብረ ታቦር ብርድ ነው፤ እዚህ መኪና አይሞቅም» እያልክ ነው ሚኒባስህን የምትሸጠው፣ የወንዜ ልጅ? ጎሽ! ጋቢ የደረብከው አንተ፣ የበረደው ሞተሩ! የሚኒባስ ሞተር እኮ ከሾፌሩ መቀመጫ ስር ነው። ያንተን ሞተር ብርድ ከያዘው ሾፌሩ በጥር ማለዳ ለምን ቂጡን እያነሳ ይነዳል?

እናንተ የቆማችሁ፣ ጠጋ በሉና ስሙ! ብርዱን ቆጥሮ ከፍታውን ረሳው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እዚህ በ91 ገደማ ይንፈቀፈቃል። የፋርጣ ድንች ለምን ቶሎ እንደማይበስል እናትህን ጠይቃት፤ መካኒክ ባትሆንም ካንተ ትሻላለች። አየሩም ቢቀዘቅዝ ስስ ነው፤ ከራዲያተሩ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል።

የራዲያተሩ ክዳንስ? «ጠፍቶ ጨርቅ ጠቅጥቀንበታል።» ጨርቅ! ተከድኖ ይብሰል የተባለው ለነገር ነው እንጂ ለራዲያተር ማን አለህ? ክዳኑ ስፕሪንግ ያለው፣ ግፊት የሚይዝ ዕቃ ነው። በዚያ ግፊት የውሃው መፍያ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። የክዳኑ ጎማ ሲያረጅ ግፊቱ ይሄዳል። ግፊቱ ሲሄድ ውሃው ይሄዳል። ውሃው ሲሄድ አንተም ትሄዳለህ፤ በእግርህ።

ደግሞ ተርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎታል አሉ! «የፈረንጅ አገር ዕቃ ነው» ብሎ። ብርድ ነው ያልከው አንተ፤ ሞተሩን ማለዳ ቶሎ የሚያሞቀውን ዕቃ የጣልከውም አንተ። ከራስህ ጋር ተነጋገሩና ስትስማሙ ጥሩኝ። እስከዚያው ሞተርህ ናፍጣ ይጠጣልሃል። በአንዳንድ ሞተርማ ተርሞስታቱ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአቋራጭ ይዞርና ጭራሽ ይብሳል።

«ግማሽ ሰዓት አስነስቼ አቆምኩት፤ የሙቀት ጌጁ ንቅንቅ አላለም» ይላል ደግሞ። ናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲንተከተክ መች ሙቀት ያበዛል? ወረታ ውረድ፣ ሰው ሙላበት፣ በዓለም በር ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር ንዳው። 900 ሜትር ገደማ ዳገት ነው፤ ደላላ ይዋሻል፣ ዳገት አይዋሽም። ጌጁንም ብዙ አትመነው። ውሃው ካለቀ መለኪያው የሚነካው ውሃ ያጣና ዝም ይላል። አንተ ደህና ነው ትላለህ፤ እሱ ግን ይነድዳል።

አንተ ገዢ ደግሞ፣ ሻጩ «ሞተሩን አሙቄ ጠብቄሃለሁ» ካለህ አመስግነህ ነገ ማለዳ ተመለስ። ሞቅ ያለ አቀባበል ለሠርግ ነው። ሞተሩ እንደ ሌሊቱ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈት፤ ከጋለ በኋላ ከከፈትከው ፊትህን ይቀቅልሃል። ሙላው፣ አስነሳው፣ ውሃውን እይ። አንዴ ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ከቆመ የታሰረ አየር ነው። ካላቋረጠ ግን ከሲሊንደር የሚያመልጥ ጋዝ ነው፤ የቴስታታው ጋስኬት አልቋል። ናፍጣ ካንዴላ የለውም፤ አየር በኃይል ጨምቆ ነው የሚያቀጣጥለው፤ ያ ሁሉ ጉልበት ቀዳዳ ካገኘ ወደ ውሃው ነው። «አየር ነው፣ ነፋስ መውጫ ስንደርስ ይወጣል» ያልከው አንተ ሻጭ ግን ገደልከኝ! ነፋስ መውጫ ስትደርስ የሚወጣው ተሳፋሪው ነው። እየተሳደበ።

የዘይት መለኪያውንም ምዘዘው። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ከዘይት ተጋብቷል፤ አንተ ግን ሚዜ እንዳትሆን።

ራዲያተሩን ዳብሰው ደግሞ፤ ማራገቢያው በማይነካህ በኩል፣ ሞተሩን አሙቀህ ካጠፋህ በኋላ። አንዱ ቦታ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ ተዘግቷል። የርብን ድፍርስ ውሃ በጀሪካን እየቀዱ ዓመት ሙሉ ሲሞሉት ምን ጠበቅህ? ውስጡ ክምር ድንጋይን የሚያህል ከተማ ተቆርቁሯል፤ የቀረው ማዘጋጃ ቤት ነው።

«ግድ የለም፣ ቢቆም ሰው ይገፋዋል» አልክ? የጋፋት ጎረቤት አይደለህ፣ መግፋት መጎተት የለመድከው ነው። ጋፋት የተሠራው፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖልም በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው በሰው ጉልበት ተጎትቶ ነው። እሱ ግን ቢያንስ ሞተር አለኝ ብሎ ዋጋ አልጠራም!