ስለ ታክሲ መልስ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ከሜክሲኮ ሳር ቤት በሚጭን ሚኒባስ ውስጥ 20 ብር ሰጥቶ 5 ብር መልስ የሚጠብቅን ተሳፋሪ የሚያህል መርማሪ በዚያች ሰዓት ከተማው ውስጥ አይገኝም። የጥናቱ መነሻም ይኸው ነው። (ታሪፉን 15 ብር ያደረግነው ለስሌት እንዲመች ነው። ትክክለኛውን ማጣራት ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።)

መርማሪው መጀመሪያ መረጃ ይሰበስባል። ረዳቱ ብሩን በቁመቱ እያጠፈ በጣቶቹ መሐል ሰክቶታል፤ ወደ ሌባ ጣቱ ሃምሳዎቹ፣ ቀጥሎ አስሮቹ፣ ከትንሿ ጣት አጠገብ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ባለ አምስቶች ወለል ብለው ይታያሉ። «ረዳት፣ መልስ» ሲባል ግን «ዝርዝር የለም፣ እሰጥሃለሁ» ይላል። የመጀመሪያው አባባል ትንሿን ጣት በማየት ብቻ ይፈርሳል። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። ካርል ፖፐር በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድ አባባል ሳይንሳዊ ለመባል ሐሰት ሆኖ ሊገኝ የሚችልበት መንገድ ሊኖረው ይገባል ብሎ ነበር። «እሰጥሃለሁ» ግን ቀን አልተቆረጠለትም፤ ተሳፋሪው ወርዶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ እንኳ ረዳቱን ዋሸህ ሊለው አይችልም።

እንግዲህ ሁለት መላምቶች ይቀራሉ፤ ወይ ረስቶታል፣ ወይ እኔ እስክረሳ እየጠበቀ ነው። ደግሞ መጠየቅ ነገሩን በአንዴ ይቋጨው ነበር፤ ሆኖም ይህ ዘዴ በመስኩ ብዙም አልተለመደም። በምትኩ ተሳፋሪው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ይቁነጠነጣል፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የሚጣራውን ረዳት ጀርባ አተኩሮ ያያል። አጠገቡ ቆንጆ ልጅ ከተቀመጠች ደግሞ «5 ብር ምን አላት?» የሚል አዲስ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር ብዙ መውደቁ የታወቀ ነው፤ በዚህ ፍጥነት የወደቀበት ሌላ አጋጣሚ ግን አላገኘንም።

የጥናቱ እምብርት ያለው መውረጃው ሲደርስ ነው። «ወራጅ አለ!» ይባላል፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ይወርዳሉ፣ ረዳቱ ለአንደኛው 10 ብር ሰጥቶ «ለሁለታችሁ ነው» ይልና በሩን ይዘጋል። በ1950 እ.ኤ.አ. ሜሪል ፍለድና ሜልቪን ድሬሸር የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት፣ በኋላ «የእስረኞች አጣብቂኝ» የተባለውን ጨዋታ ሲቀምሩ እንዲህ ያለውን ነገር አላሰቡትም። በታሪኩ ውስጥ ያሉት እስረኞች በየክፍላቸው ተለያይተው የታሰሩ ናቸው፤ የኛዎቹ አስፋልት ዳር ፊት ለፊት ቆመው ፈገግ ይላሉ። 5 ብር በኪሱ ያለው ከሁለቱ አንድም የለም። ቢኖረውማ ቀድሞ 25 ሰጥቶ 10 ይቀበል ነበር።

«ይውሰዱት አባቴ» ይላል ብሩን የያዘው። «ኧረ አይሆንም፣ አንተ ያዘው ልጄ» ይላሉ ሌላው፣ ዓይናቸውን ከብሩ ሳያነሱ። ሁለቱም ቸር መሆናቸውን እንጠራጠራለን፤ ሁለቱም ግን መንገዳቸውን ትተው ሱቅ ለመፈለግ ይስማማሉ።

ባለሱቁ ብሩን ተቀብሎ መሳቢያውን ይከፍታል፣ በጣቱ ያምሰዋል። ከዚያ አንድ ባለ አምስት ብር ከጥቂት ማስቲካ ጋር ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና «ዝርዝር የለኝም» ይላል። ማስቲካው ስንት ስንት እንደሆነ ሁለቱም አልጠየቁም።