ማንኪያውም በርሜሉም የእናት እንዲሆን የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከአይመለከተንም መሥሪያ ቤት፣ የሕፃናት መድኃኒት ደኅንነት ለሚመለከታቸው ሁሉ፣ ማለትም ለእናቶች፣ የወጣ አዋጅ ነው።

ልጅ ሲያስል እንቅልፍ የምታጣው እናቱ እንጂ መሥሪያ ቤታችን አለመሆኑ በተደጋጋሚ የተረጋገጠ በመሆኑ፤

ቁጥጥር የሚባለው ነገር ላቦራቶሪ፣ ባለሙያ፣ ኬሚካልና የማይጠፋ መብራት ሲጠይቅ፣ “ይጠንቀቁ” ማለት ግን አንድ ፖስተርና አራት ሚስማር ብቻ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ፤

እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ ማሴንጊል የተባለው ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት ዳይኢታይሊን ግላይኮል በተባለ ፈሳሽ አሟሙቶ፣ የእንጆሪ ጣዕም ጨምሮ፣ ጣዕሙንና መልኩን እንጂ መርዝነቱን ሳይፈትሽ ሸጦ፣ ከ100 በላይ ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙ ሕፃናት፣ ሲሞቱ የኩባንያው ባለቤት “እኛ ኃላፊነት የለብንም” ማለታቸው፤ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ ይታይ የሚል ሕግ ስላልነበረም መድኃኒቱን ከገበያ ለመሰብሰብ የተገኘው ሰበብ “ኤሊክሰር ብላችሁ ሰይማችሁት አልኮል የለበትም” የሚል የስም ክርክር ብቻ መሆኑ ለመሥሪያ ቤታችን የዘወትር ናፍቆት በመሆኑ፤

ያ ወርቃማ ዘመን በዓመቱ፣ በ1938፣ አዲስ ሕግ ወጥቶበት አምራቹ “አይጎዳም” ከማለቱ በፊት ማስረጃ እንዲያቀርብ በመገደዱ ሐዘናችን እስከ ዛሬ ያልወጣልን በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የእናት ጥፋት ማቋቋሚያ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ “ሽሮፕ” ማለት ጣፋጭ፣ ቀይ ወይም ብርቱካናማ፣ ልጁ አፉን ገጥሞ የሚታገለው፣ ግማሹ አንገትጌው ላይ የሚቀር ፈሳሽ ነው። “እናት” ማለት እናት፣ አያት፣ አክስት፣ ሞግዚት ወይም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የነቃ ማንኛውም ሰው ሲሆን፣ “አባት” ማለት ጠዋት ተነሥቶ “ሐኪሙ ምን አለ?” የሚል ነው። “ባለድርሻ አካል” ማለት በስብሰባው ምሳ የበላ ነው። “ጥንቃቄ” ማለት ልጁ ከተጎዳ በኋላ እንዳልነበረ የሚታወቅ ነገር ነው።

አንቀጽ 3። የእናት ግዴታዎች

(1) ማንኛዋም እናት ሽሮፕ የምትለካው ከጠርሙሱ ጋር በመጣው መለኪያ ይሆናል። የቤት ማንኪያ ከቤት ቤት እንደሚለያይ፣ “የሻይ” የተባለውም አንዳንዱ ዘንድ ወጥ እንደሚጨለፍበት መሥሪያ ቤቱ ያውቃል። ዱቄቱን አንቲባዮቲክ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ ትበጠብጣለች። ከታላቁ የተረፈውን ለታናሹ አታሸጋግርም።

(2) ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የላከው ታይለኖል የተባለው የትኩሳት ማብረጃ እንደሆነም ጽሑፉን ታነባለች። እ.ኤ.አ. እስከ 2011 ድረስ በዚያ አገር ለጨቅላ የሚሸጠው ጠብታ ለትልልቅ ልጆች ከሚሸጠው ሽሮፕ ሦስት እጥፍ ያህል የበረታ ነበር። ለትንሽ ልጅ የተሠራ ነገር ቀለል ይላል ብላ ያሰበች እናት ብትሳሳት አይፈረድባትም ሊባል ይችል ነበር፤ እኛ ግን እንፈርዳለን። ኋላ አምራቾቹ ራሳቸው ተስማምተው ሁለቱን አንድ አደረጓቸው። እንዲህ ያለው አሠራር እናቶችን ስለሚያሰንፍ መሥሪያ ቤቱ አይደግፈውም።

(3) እስከዚህ ያለው የተለመደ ነው። አዲሱ ግዴታ የሚከተለው ነው፦ እናት ሽሮፑ የተቀመመበት ግሊሰሪን የተጫነበትን በርሜል ታጣራለች። ግሊሰሪን ማለት ያው ለቆዳ ማለስለሻ የምናውቀው ነው። ከእርሱ በዋጋ የሚረክሰው፣ ፍሬን ዘይት ውስጥ የሚገባው ዳይኢታይሊን ግላይኮልም እንደ እርሱ መልክ የለሽ፣ እንደ እርሱ ወፈር ያለ ነው። የተጠራጠረች መቅመስ ትችላለች፤ ሁለቱም ይጣፍጣሉ።

(4) በመቅመስ ያልረካች እናት ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባለውን መሣሪያ ትገዛለች። ዋጋው ከአቅም በላይ ከሆነ በእቁብ መግዛት የተፈቀደ ሲሆን፣ የእቁቡ ዳኛ ልጅ ለሚያስልባት ዕጣውን እንዲያስቀድም አቅጣጫ ተሰጥቷል። ከመቶ እጅ የአንድ እጅ አንድ አሥረኛ በላይ መርዝ ካገኘች ጠርሙሱን ትመልሳለች። መብራት የጠፋ እንደሆነ፣ መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ልጁ ሳሉን ያቆያል።

(5) ይህን ያላሟሉ እናቶች ምን እንደሚገጥማቸው ለማሳየት የጋምቢያ ጉዳይ በአባሪነት ተይዟል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያች አገር ትንንሽ ልጆች ሽንታቸው እየቆመ፣ ኩላሊታቸው እየደከመ ይሞቱ ጀመር። 70 ያህል ልጆች አለቁ፤ አብዛኞቹ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። በኦክቶበር ወር መጀመሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ከሕንድ የገቡ አራት ሽሮፖች ውስጥ ዳይኢታይሊን ግላይኮልና ኢታይሊን ግላይኮል መገኘቱን አስታወቀ። አገሪቱ መድኃኒት የምትመረምርበት የራሷ ላቦራቶሪ አልነበራትም። እናቶቹ እንደታዘዙት ለክተው ሰጥተዋል፤ በትክክል መለካት ማለት መርዙን በትክክል ማጠጣት ነበር። መሥሪያ ቤታችን ከዚህ የሚረዳው እናቶቹ ክሮማቶግራፊ እንዳልነበራቸው ነው።

[በዚህ ገጽ ኅዳግ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዧ በእርሳስ የጻፈችው ሳይሰረዝ ታትሟል፦ “ሁለት ልጆች አሉኝ። የማንኪያው ነገር የእኔ ነው፤ አልክድም። የተረፈ አንቲባዮቲክ ለታናሹ ሰጥቼ ሐኪሙ ተቆጥቶኛል፤ ልክ ነበር። ክዳኑን የምገጥመው፣ ቁም ሣጥኑ ላይ የምሰቅለው እኔ ነኝ። ግን ጠርሙሱን የምገዛው ታሽጎ ነው። እሽጉ ከተነካ አትግዙ የምትሉኝም እናንተው ናችሁ። ታሽጎ ካልሆነ አትግዢ የተባልኩትን ነገር፣ ውስጡን መርምረሽ ግዢ ስትሉኝ በየት በኩል ልግባ?” ማስታወሻው ከአጀንዳ ውጭ በመሆኑ አልጸደቀም።]

አንቀጽ 4። የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ

ፖስተር ይለጥፋል።

አንቀጽ 5። ስለ ምስክር ወረቀት

በርሜል ተከፍቶ ከሚታይ ወረቀቱ ቢታይ ይሻላል። በርሜል ይሸታል፤ ይከብዳል፤ ልብስ ያቆሽሻል። ወረቀት ግን ፋይል ውስጥ ይገባል። ለዚህም የፓናማ ተሞክሮ ተቀምሯል። ከቻይና ተነሥቶ በስፔን በኩል የተሻገረ 46 በርሜል “99.5 በመቶ ንጹሕ ግሊሰሪን” የሚል ወረቀት ይዞ ፓናማ ገባ። በሦስት አህጉራት ያሉ ነጋዴዎች ተቀባበሉት፤ አንዳቸውም ከፍተው አልመረመሩትም። እ.ኤ.አ. በ2006 የሳል መድኃኒቱን የጠጡ ሰዎች በብዛት ሲሞቱ በርሜሉ ውስጥ የነበረው ንጹሕ ግሊሰሪን እንዳልሆነ ታወቀ።

ይህ ተሞክሮ ለመሥሪያ ቤታችን እጅግ ተስማሚ የሆነበት ምክንያት አለ፤ መድኃኒቱን ቀላቅሎ 260,000 ያህል ጠርሙስ የሞላው የግል ድርጅት ሳይሆን የመንግሥት ላቦራቶሪ ነበር። ስለሆነም “መንግሥት ይቆጣጠር” እያላችሁ የምታስቸግሩን ሁሉ መንግሥትም በርሜል ከፍቶ ሳይመረምር ማኅተም መምታት እንደሚችል በዚህ ተረዱ። እኛም ይህን ክህሎት በአጭር ጊዜ ሥልጠና እናሳድጋለን። አበል የታሰበ ነው።

አንቀጽ 6። ስለ ሕዝባዊ ውይይት

አዋጁ ከመጽደቁ በፊት ባለድርሻ አካላት በስፋት መክረውበታል። በውይይቱ ላይ አንዲት አዛውንት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ “ልጄ፣ በርሜሉን የከፈተው ማነው?” ሲሉ ጠይቀዋል።

ሰብሳቢው፦ “እናታችን፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። አቅጣጫ ተቀምጦበታል።”

“የት ነው የተቀመጠው?”

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው ለሻይ ዕረፍት ፈቅደዋል። ከዕረፍት መልስ አዛውንቷ ወንበራቸው ላይ ሲሆኑ፣ ሰብሳቢው ግን ለአስቸኳይ ሥራ ተጠርተው ወጥተዋል። አዋጁ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

አንቀጽ 7። ቅጣት

የተመረዘ መድኃኒት ያስገባ አስመጪ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ደብዳቤውም አድራሻውን ስለማናውቅ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ይለጠፋል። እናት እንደሆነች ቅጣቷን ራሷ ስለምትወስን የመሥሪያ ቤቱን በጀት አትነካም። ዕድሜ ልኳን “ምነው ያን ሌሊት ባልሰጠሁት” ስትል ትኖራለች፤ ይግባኝ የለውም።

አንቀጽ 8። ስለ ተሻሩ ሕጎች

መድኃኒት ሳይመዘገብ ገበያ ላይ አይውልም የሚለውን አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ለመሻር አስበን ነበር። ይሁንና መጀመሪያ ማንበብ ስለሚያስፈልግ፣ አንብበን እስክንጨርስ በሥራ ላይ ይቆያል።

አንቀጽ 9። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ልጁ ካሳለበት ሌሊት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ከመጽናቱ በፊት በደንብ ይነቅነቅ። ከብርሃንና ከሙቀት ርቆ፣ እናቶች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።