መጥረቢያውን ማን ሰካው?

የሰው ዘር ሠላሳ ዓመት ያህል እንቅልፍ አጥቶበት የኖረ አንድ ጥያቄ ነበር። ጆን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1982 በሠራው "ዘ ቲንግ" ላይ፣ አንታርክቲካ ያሉት አሜሪካኖች የተቃጠለውን የኖርዌጆች ሰፈር ሊያዩ ሲሄዱ በሩ ላይ የተሰካ መጥረቢያ ያገኛሉ። ማን ሰካው? ስለዚህ ነገር የተጨነቀ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሆሊውድ ግን ጭንቀታችንን ያውቅልናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ከዚያ ታሪክ በፊት የሆነውን የሚተርክ ፊልም ሠራና መጥረቢያው እንዴት እንደተሰካ አሳየን። እግዜር ይስጥልን፣ ተገላገልን።

ካርፔንተር ሰነፍ ሰው ነበር። በበረዶ ላይ የሚሮጥ ውሻ፣ ከሄሊኮፕተር ሆኖ የሚተኩስበት ኖርዌጂያዊ፣ ማንም በማይሰማው ቋንቋ ጩኸት፤ ከዚያ ተኳሹ ይሞታል፣ ውሻው ይገባል። ማብራሪያ የለም! ባዶው ሰፈር ውስጥም በድን ያሳየንና ዝም ብሎ ያልፋል፤ የቀረውን ፍርሃት እኛው ቤታችን ወስደን፣ መብራት አጥፍተን፣ በራሳችን ኪሳራ እንድንሠራው። አዲሱ ፊልም እንዲህ ያለ ጭካኔ የለበትም። ሰኔ ሲያልቅ እንደሚመጣ የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ መዝገቡን ይዞ ይዞራል፦ መጥረቢያ አንድ፣ ባዶ የበረዶ ግግር አንድ፣ ባለ ሁለት ፊት ሬሳ አንድ፣ ራሱን የገደለ ሰው አንድ። ጎደሎ የለም፣ ፈርሙ።

ካርፔንተርስ ከሌላ አልወሰደም ወይ የሚል ይኖራል። ወስዷል፤ ታሪኩ የጆን ካምቤል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የታተመ። የወሰደውን ግን ይበልጥ አጨለመው እንጂ አምፖል አልሰቀለበትም።

ሰውና እንስሳ መስሎ ስለሚገባው ጭራቅም ላመስግን። ለመጀመሪያው ሮብ ቦቲን የሚባል፣ ሥራውን ሲጀምር ገና 22 ዓመቱ የነበረ ልጅ፣ ከጎማ፣ ከማስቲካና ከማዮኔዝ ሳይቀር ያበጀው ነው። አርባ ዓመት አልፎት ዛሬም ያስጠላል። ለሁለተኛውም ባለሙያዎች ጭራቁን በእጃቸው ሠርተው ነበር፤ ስቱዲዮው አብዛኛውን በኮምፒውተር ሥዕል አስሸፈነው። ከፍሎ አሠርቶ፣ ደግሞ ከፍሎ ማስደበቅ! ይህን የመሰለ የበጀት አጠቃቀም እኛ ብቻ የምናውቀው ይመስለኝ ነበር።

ሰው ማን ነው፣ ጭራቅ ማን ነው የሚለውን ለመለየት የፊተኞቹ ደም በጋለ ሽቦ ይነካሉ፤ ያን ጊዜ አዳራሽ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይውጣል። በአዲሱ አፍ ተከፍቶ ጥርስ ይታያል። ጭራቁ ብረት መቅዳት ስለማይችል በብረት የተሞላ ጥርስ ያለው ሰው ነው፣ የሌለው ይጠረጠራል። ይህ ምርመራ ደምበጫ ቢመጣ፣ ቅዳሜ ገበያ የወጣው ሁሉ ከነአህያው ጭራቅ ሆኖ ያድራል።

በዚህ ሁሉን የማስረዳት ጥበብ ጎጃምም መጠቀም አለባት። "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ታትሞ እስከ ዛሬ ቅድመ ታሪክ አልወጣለትም፤ ነውር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከበዛብህ አባትና እናት፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ስለጀመሩ ወላጆች ተይዘዋል፤ እኛ ከአያቶቹ እንጀምር። ፊታውራሪ መሸሻ ለምን ኮሩ? በልጅነታቸው ቆሏቸውን የቀማቸው ጎረምሳ ይታይ። ጉዱ ካሳ ያን ሁሉ ነገር የሚናገረው ከምን ተነሥቶ ነው? ከበቅሎ ወድቆ ጭንቅላቱ ተመትቶ ነበር እንበልና እንረፍ። ከፍኖተ ሰላም ባሻገር ማንኩሳ ድረስ ሄዶ ቀረጻ ማድረግ ቀላል ነው፤ መንገዱ አስፋልት ነው።

የካርፔንተር ፊልም መጨረሻ ላይ ከአሜሪካኖቹ የተረፉት ማክሪዲና ቻይልድስ በሚነድ ሰፈር መካከል ተቀምጠው አንድ ጠርሙስ ይቀባበላሉ፤ ሁለቱም አይተማመኑም፣ እኛም አናውቅም። ይህንንም የሚያስረዳን ቸር ሰው እስኪመጣ በትዕግሥት እንጠብቃለን።

እስከዚያው፣ ደምበጫ ላይ ፊልም በፍላሽና በሜሞሪ የምትጭኑ ልጆች፣ አንድ ውለታ ዋሉልን። የሁለቱም ፊልም ስም አንድ ነው፤ የኋለኞቹ ሌላ ስም እንኳ ለማውጣት አልደከሙም። "ዘ ቲንግ" የሚል ሲመጣባችሁ ዓመቱን አይታችሁ የ1982ቱን ጫኑለት። የ2011ዱ የሜሞሪ ቦታ ይፈጃል።