የመደብ ስንዴ

«ተረት ተረት!» አለች እናቴ።

«የላም በረት!» አልናት። እኔ ከልቤ፣ የእህቴ ልጅ ግን በግማሽ አፏ።

ሐምሌ ነው። የአገራችንን የደነባን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መረሬው አፈር ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ በመጨረሻ እምቢ ይላል፣ ከበር እስከ በረት ለመድረስ እንኳ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ሦስቱንም ቀን አኩርፋለች። ያን ማታ ተናገረችው። በፈተና የበለጠችው አንድ የክፍሏ ልጅ በሰው ፊት «አንቺ እኮ በአፈርማቲቭ ነው የገባሽው» ብሏታል።

እናቴ ቃሉ አልገባትም። ለሴት ልጆችና ከታዳጊ ክልሎች ለሚመጡ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ዝቅ ይደረግ እንደነበር፣ ስሙም የድጋፍ እርምጃ እንደሚባል ነገርኳት። «አሃ፣ የመደብ ስንዴ በይኛ!» አለቻትና እሳቱን ቆስቁሳ ጀመረች።

በአንድ ተዳፋት ማሳ ላይ ሁለት ስንዴ ይዘራል። ከላይ ነጩ፣ ከታች ጥቁሩ። ነጩ ገበያ ላይ ዋጋው የተወደደ ነው፤ ጥቁሩ ለጠላና ለአረቄ ሲሆን እንጂ ለእንግዳ አይቀርብም። ክረምት ሲገባ ነጩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጥቁሩ ሥሩ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ ይወይባል። ቀድሞ ከተዘራ ይሰምጣል። ውሃው ይጉደል ተብሎ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ከተጠበቀ ደግሞ እሸት ሳይሆን ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል።

«ዘሩ ነው» ይላል ነጩ። «ጥቁር ስንዴ ሲፈጥረው ሥሩ ሰነፍ ነው።»

ይሄ ነገር ሲደጋገም ጥቁሩም አመነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ አልነበረም። ከላይ በነጩ ላይ የዘነበው ሁሉ ነበር ቁልቁል ወርዶ ጥቁሩ ሥር የሚተኛው።

ባለማሳው ስድቡ ሲሰለቸው አንድ ቀን ድንበሩ ላይ ቆሞ አወጀ፤ ከዛሬ ጀምሮ ጥቁር ስንዴን የሰደበ ወዮለት! ነጮቹ ጸጥ አሉ። ስድቡ ከአፍ ወጥቶ ዓይን ውስጥ ገባ። ውሃው ግን አዋጅ አይሰማምና እንደ ወትሮው ወረደ።

(እናቴ ይህን ስትል እዚሁ አካባቢያችን አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ትዝ አሉኝ። በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው የሚሰድብ እንዲቀጣ አውጀው ነበር። ትልቅ አዋጅ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን ማረሻችንን ከሚሠራው ሰውዬ ቤት ውሃ እንዳልጠጣ ይነገረኝ ነበር፤ ከአዋጁ ስንት ዓመት በኋላ!)

ባለማሳው አዋጁ ሰብል እንደማይሆን ሲገባው ቤተሰቡን ይዞ ወረደ። እዚህ ጎረቤታችን እነዋሪ እንደሚያደርጉት ሴቱም ልጁም ጎንበስ ብሎ፣ አፈር በእጁ እየዛቀ መደብ ከፍ አደረገ፤ በመደቡና በመደቡ መሃል ውሃ መሄጃ ቦይ ተወ። ጥቁሩ ስንዴ መደቡ ላይ ተዘራ፤ ከነጩ ጋር እኩል፣ በጊዜው። በመስከረም ያየው ሰው ዓይኑን ማመን አቃተው። አገዳው ወፍሯል፣ ዛላው ሞልቷል። ሰነፍ የተባለው ሥር አየር አጥቶ ኖሯል።

ነጩ ጮኸ። «እኛ በሜዳ፣ እሱ በመደብ! ይሄ ፍርድ ነው?»

እናቴ እዚህ ላይ ሳቀች። «ተዳፋቱን ማን ሠራለት? እግዜር የሠራው መደብ፣ መደብ አይባልም?»

ከነጮቹ መሃል ግን አንድ እውነተኛ ተበዳይ ነበር። ላይኛው ማሳ ውስጥ አንዲት ጎድጓዳ አለች፤ እዚያ የበቀለው ነጭ ስንዴ እንደ ጥቁሩ ይሰምጣል። «እኔስ?» ሲል ወገኖቹ «አንተ ነጭ ነህ፣ ምን ጎደለህ?» አሉት። ባለማሳውም ማሳውን በቀለም ከፍሎ ስለሚያውቀው አላየውም። ከታች ደግሞ ድሮም ጉብታ ላይ የበቀሉ፣ ውሃ ነክቷቸው የማያውቅ ጥቂት ጥቁሮች ነበሩ። መደቡ ሲሠራ ቀድመው የወጡበት እነሱ ናቸው።

ለእንደነዚህ ያሉት ሕንዶች ስም አውጥተውላቸዋል፤ የወተት ስልባቦት ይሏቸዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ለኋላ ቀር ወገኖች የተመደበውን ኮታ ከወገኖቹ መሃል የደላቸው እንዳይወስዱት ስልባቦቱ እንዲገፈፍ ፈርዷል። የእኛ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃን፣ በአንቀጽ 89 በእድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ብሔር ብሔረሰቦች ልዩ ድጋፍን ደንግጓል። እኔ ደግፌዋለሁ፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ግን አዲስ አበባ በግል ትምህርት ቤት ያደገችውና ከጃማ ሸለቆ አፋፍ ማገዶ ተሸክማ የተማረችው ሁለቱም «ሴት» ተብለው አንድ መደብ ላይ ሲወጡ ሳይ ጉብታው ትዝ ይለኛል።

አጨዳ ደረሰ። የጥቁሩ ምርት ከነጩ እኩል ሆነ። ያኔ አዲስ ስም ወጣለት፦ የመደብ ስንዴ። መደቡ ባይኖርም በራሱ ይቆም የነበረው ጠንካራ ዘር እንኳ በዚሁ ስም ተጠራ። ድሮ «ሰነፍ ስለሆነ አያፈራም» ይባል ነበር፤ አሁን «ያፈራው በመደብ ነው» ተባለ። ቢወይብም ይሰደባል፣ ቢያፈራም ይሰደባል።

«እኔን ነው!» አለች የእህቴ ልጅ ብድግ ብላ። «እማማ፣ ዝቅ ያለው እኮ መግቢያው ብቻ ነው። ከገባን በኋላ ፈተናው አንድ፣ እርማቱ አንድ። ከ2015 ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተናም ለሁሉም ማለፊያው 50 ነው።»

«ቁጭ በይ፤ ክፉው ገና አልመጣም» አለቻት።

ከመደቡ የወጣው ውሃ የት ሄደ? ታች የጎረቤት ምስር አለ። ምስር ደግሞ ውሃ አይችልም። በሁለት ሌሊት ዝናብ ምስሩ ተኛ። ቀና ሲል ያየው ከፊቱ የቆመውን ጥቁር ስንዴ ነው። «አንተ ነህ የገደልከኝ! የአንተ መደብ ነው ያሰጠመኝ!» ጥቁሩም «ስሰጥም የት ነበርክ?» አለው። ተዘላለፉ። ነጩ ከላይ ሆኖ ሁለቱን እያየ «እነዚህ ሲሻላቸውም አይስማሙ» አለ። የሚጣሉበት ውሃ ግን የእሱ ነበር።

ይህ የእኛ ሰፈር እውነት ነው። መደብና ቦይ የሠራ ገበሬ ከታችኛው ጎረቤቱ ጋር ሽማግሌ ፊት የሚቆመው በዚሁ ውሃ ነው። እናቴ አሜሪካ ደርሳ አታውቅም እንጂ እዚያም ምስሩን ታገኘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንዳያዩ ሲከለክል፣ ሃርቫርድ ላይ የቀረበው ክስ የእስያ ዝርያ ያላቸው አመልካቾች ተበደሉ የሚል ነበር። የቀድሞ ተማሪዎች ልጆች የሚያገኙትን ቅድሚያ ግን ፍርዱ አልነካውም። ተዳፋቱ እንዳለ ቀረ።

ጠቡ ሲበዛ ሁሉም ለሽምግልና ማረሻውን ጠሩት፤ ማሳውን ከላይ እስከ ታች የሚያውቀው እሱ ነውና። እሱም አለ፦ «መደቡን አታፍርሱት። ካፈረሳችሁት ጥቁሩ ይሰምጣል፣ ምስሩም ቢሆን አይድንም፤ ውሃው ያው ውሃ ነው። ግን መደቡ ብቻውን ውሃውን ከአንዱ ሥር ወደ ሌላው ሥር ማዛወር ነው። ዋናው ቦይ ከላይ ይጀመር። ከነጩ ማሳ ራስ ተነሥቶ በድንበሩ በኩል እስከ ወንዙ ይውረድ።»

«በየት በኩል?» አለ ነጩ።

«በአንተ በኩል። ሁለት ትልም መሬት ይወስዳል።»

ማሳው ጸጥ አለ። ጥቁሩን አትስደቡ ሲባሉ እሺ ያሉ፣ መደብ ሲሠራለት አጉረምርመው የቻሉ ነጮች ሁለት ትልም ሲባሉ አንገታቸውን ደፉ። «ያባቶቻችን መሬት!» አለ አንዱ። «ይጠና» አለ ሌላው። (ይህን ቃል እናቴ ከቀበሌ ስብሰባ ነው ያመጣችው።) ሰማዩ እንደገና ጠቆረ፤ ከእንሳሮ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ።

ያኔ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ነጭ ስንዴ፣ ግማሽ ወገቡ ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «በእኔ በኩል ይቆፈር!» አለ። ነጮቹ ሁሉ ዞረው አዩት። ጥቁሩም አየው፤ ከላይ የሚሰጥም ስንዴ መኖሩን ያወቀው ያን ቀን ነው።

እናቴ ዝም አለች። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይንጫጫል።

«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ!»

«እንዴ እማማ! ቦዩ ተቆፈረ ወይስ አልተቆፈረም?»

«መጀመሪያ ዳቦዬ የታለ?» አለች እናቴ፣ እጇን ዘርግታ።